ላስቲኩ ያልተላጠው ሳይክል፦ ከአዋሽ እስከ ሰመራ

አዋሽ ሰባት ኪሎ፣ ሊነጋጋ ሲል

አዋሽ በዚህ ሰዓት ቀዝቀዝ ትላለች። ይህን የሚያውቀው ቀድሞ የተነሣ ሰው ብቻ ነው፤ የተኛማ ሲነቃ ሙቀቱ ደጁ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ካለችው ሱቄ አዲስ ሳይክል እየገፋሁ ወደ መናኸሪያ እሄዳለሁ። ሽንኩርት የሚያራግፉት ሰዎች ሥራቸውን ትተው ያዩኛል። ሳይክሉ ቀይና ብርማ ነው፤ ከፊት ሞላ፣ ከኋላ ሞላ፣ ማርሹ ብዙ። ከመሪው እስከ ጎማው በላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ስገፋው ይንኮሻኮሻል።

እኔ ዘነበች እባላለሁ። አዋሽ ውስጥ ሳይክል አከራያለሁ፣ የተበላሸም እጠግናለሁ። ጥገና ያስተማረኝ ሰው የለም። የመጀመሪያዋን ሳይክሌን ሸራ ላይ ፈታትቼ ዘርግቼ፣ መልሼ ስገጥማት ቡሎኖች ተረፉኝና እንደገና ፈታኋት። ቡሎን መትረፉ እስኪቀር ድረስ እንዲሁ ነው የተማርኩት። አሁን አንድ ሳይክል በደጄ ሲያልፍ ድምፁን ሰምቼ የቱ ጋ እንደታመመ እናገራለሁ።

ይህኛው ግን የእኔ አይደለም። ልጄ ፍሬሕይወት አዋላጅ ነርስ ናት። በዚህ ዓመት ሥራ ጀምራ ሰመራ ቤት ተከራይታለች፤ ጤና ጣቢያዋ ያለው ግን አጠገቧ ባለችው ሎጊያ ከተማ ነው። በየቀኑ የጅቡቲ ከባድ መኪና በሚርመሰመስበት መንገድ ትመላለሳለች፤ ሌሊት ገብታ ጠዋት ስትወጣ ባጃጅ የማታገኝበት ቀን አለ። ወንድሜ ግርማ ይህን ሰምቶ አዲስ አበባ ካለ አንድ ትልቅ መደብር፣ ከድስቱና ከምንጣፉ መሐል ከቆሙት ሳይክሎች አንዱን ገዝቶ ላከላት።

«ላስቲኩን እንዳትነኪው» አለኝ በስልክ። «ፍሬ እጅ ላይ ነው የሚላጠው።»

እኔም አልነካሁትም። እኛ እንዲህ ነን። ሶፋ ገዝተን ላስቲኩ ላይ እንቀመጣለን፤ የፍሪጁ ተለጣፊ ወረቀት ልጆቹ እስኪዳሩ እዚያው ነው። ላስቲኩ ካለ አዲስ ነው፣ ላስቲኩ ከተላጠ ዕቃ ብቻ ነው። የሰው ሳይክል ሳልፈትሽ የማላሳልፍ ሴትዮ የልጄን ሳይክል በላስቲኩ አክብሬ ያዝኩት።

የሚኒባሱ ሾፌር ሁመድ የአፋር ሰው ነው፤ ዓመታት እንተዋወቃለን። ሳይክሉን ዞሮ ዞሮ አየው።

«ይሄ ምንድን ነው፣ ዘነበች?»

«የተራራ ሳይክል ነው።»

«ሳይክሉን እጭነዋለሁ» አለ። «ተራራውን የት ላስቀምጥልሽ? ሰመራ የለም።»

ሳቅሁ፣ ግን ትንሽ ከነከነኝ። ሳይክሉ ጣራ ላይ ሲወጣ ከጎማዎቹ አየር ቀነስኩ። የደጋ ሰው አጥብቆ ነፍቶ ይጭንና ገዋኔ ሳይደርስ ካላማዳሪያው፣ የውስጡ ጎማ፣ ጣራ ላይ ፈንድቶ እንደ ጥይት ይጮኻል፤ በዚህ አገር ፀሐይዋም ትነፋለች።

አዋሽ አርባ

ፀሐይ ወጥታለች። ከሸንኮራ እርሻው ሥራ የጨረሱ የቀን ሠራተኞች ፌስታልና ብርድ ልብስ ተሸክመው መኪና ይጠብቃሉ። አንዱ አጠገቤ ተቀመጠ። ይመር ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው፣ ፂሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ሚሌ ወርዶ በባቲ በኩል አገሩ ይገባል።

«ጣራ ላይ ያለው ሳይክል የእርስዎ ነው፣ እትዬ?»

«የልጄ ነው።»

«ማሻአላህ። እኔም ኮምቦልቻ ስደርስ እንደዚያ ያለ ልገዛ ነው። መንደራችን ከገበያ ይርቃል፤ ለቤቱ ይሆናል ብዬ ነው። አጎንብሰው የሰበሰቡት ገንዘብ እንዲህ ያለ ነገር ላይ ሲውል ደስ ይላል።»

ደስ አለኝ። ስለ ልጄ አወራሁለት፤ እንዴት እንደተማረች፣ ገና ሥራ በጀመረችበት ወር መንታ እንዳዋለደች። አቤት የእኔ ወሬ። ከወዲያና ከወዲህ የፕሮሶፒስ ቁጥቋጦ መንገዱን አጥሮታል፤ ግመሎች ከመሐሉ አንገታቸውን ያወጣሉ። ከፊታችን የከባድ መኪና ሰልፍ፣ ከኋላችንም ሰልፍ። ወሬዬ ግን ከሁሉም ይረዝማል።

ገዋኔ፣ ምሳ

የአያሉ ተራራ በሙቀት ውስጥ ይንቀጠቀጣል። ሁመድ መኪናውን ጥላ ስር አቆመ፤ የፍየል ሥጋ በሙፎ ዳቦ አዘዝን። ሙፎው ከምድጃው እንደወጣ ነው፣ ጫፉ ያረረ፤ እኔ ያረረውን እወዳለሁ። ሁመድ አፉን ሳያብስ ከአንድ የአገሩ ሰው ጋር እጅ ለእጅ ተሳስሞ ቁጭ አለና ዳጉ ጀመሩ። አፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሁሉ አንድ ሳያስቀር ይነጋገራል፤ ያም ሰው ለሚቀጥለው ያደርሳል። ስልክ ሳይኖር ጀምሮ እንዲህ ነው፣ ስልክም መጥቶ አልቀደመውም።

ስንነሣ ይመር ወደ ጣራው ቀና አለ። «እትዬ፣ ላስቲኩን ነፋስ ቀደደው።»

ሳይክሉን አወረድነው። ላስቲኩ ከፊት በኩል ተሸንትሮ ተንጠልጥሏል። ይመር ቁጢጥ ብሎ ያደንቃል፣ ይነካካል። «የዚህኛው ፍሬን ወደ ኋላ ነው የሚሆነው?» አለኝ።

ጠጋ አልኩ። ፎርኬላው፣ የፊት ጎማውን የሚይዙት ሁለት እግሮች ማለቴ ነው፣ ዞሮ ተገጥሟል። ፊቱ ወደ ኋላ፣ ጀርባው ወደ ፊት። ፍሬኑም አብሮ ዞሮ ገመዱ ተጣሟል። መደብር ውስጥ ድስት የሚደረድረው ሰው ሳይክሉንም ገጥሞታል፤ እኔ ደግሞ ላስቲክ አክብሬ ይህን ሁሉ መንገድ ጭኜዋለሁ። ፊቴ ጋለ፣ በፀሐይም አይደለም።

መሣሪያዬ ሁልጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ሌላ ሴት መስታወት በምትይዝበት ኪስ እኔ ቺያቬና ፒንሳ እይዛለሁ። ላስቲኩን እስከ መጨረሻው ገፈፍኩት። ፎርኬላውን አዞርኩ፣ ፍሬኑን አጠበቅሁ። ግራ ፔዳሉ ጥርሱን ስቶ በጉልበት ነው የገባው። የግራ ፔዳል ወደ ግራ እየዞረ ነው የሚጠብቀው፤ ይህን የማያውቅ ሰው ታግሎ አስገብቶ ጥርሱን በልቶታል። ብረቱም ለስላሳ ነው፣ የማንኪያ ብረት።

እንዲሞክረው ለይመር ሰጠሁት። ግቢውን ዞረ። ሲረግጥ ሳይክሉ ይወርዳል፣ ሲያነሣ ይወጣል፤ ጉልበቱን ሞላው ይበላዋል። ፍየል የሚያርዱት ሰዎች ሳይቀሩ ቆመው አዩት።

«እትዬ» አለ ላቡን እየጠረገ፣ «ይሄ ነገር ቁጭ ብድግ ይላል እንጂ አይሄድም።»

ሚሌ

ኬላው ላይ ቆምን። መታወቂያ የሚያየው ሰውዬ አንገቱን በመስኮት አስገባ፣ እኔን አየ፣ ወደ ጣራው አየ።

«ፎርኬላው ዞሮ የተገጠመው ሳይክል ይሄ ነው?»

እኔ ፎርኬላውን ሳዞር ከገዋኔ ቀድሞን የወጣ መኪና ነበር። ሁመድ መሪውን እየመታ ሳቀ። «እኛ መጣን፣ ወሬሽ ግን ቀድሞ ምሳውን በልቷል።»

ሳይክሉን ለፍተሻ ሲያወርዱት ግራ ፔዳሉ መሬት ወደቀ። ይመር አንሥቶ እንደ ወደቀ ጥርስ በመዳፉ ይዞ ሰጠኝ። ከቆርቆሮ ትንሽ ቆርጬ ጥርሱ ላይ ጠምጥሜ መለስኩት፣ ያዘ። እየሠራሁ ይመርን እመክረዋለሁ፤ ምክሩ ለእናንተም ነው። ያብረቀረቀ አትግዛ። በትንሽ ዋጋ ሞላም፣ ብዙ ማርሽም፣ ጥሩ ብረትም አንድ ላይ አይመጣም፤ ከሦስቱ የሚቀረው ብረቱ ነው። ክብደቱን በአንድ እጅህ አንሥተህ እይ። ዕቃው ቢሰበር አገርህ ላይ የሚተካ መኖሩን ጠይቅ። ገንዘቡ ትንሽ ከሆነ ያገለገለ፣ ያለ ማርሽ፣ ወፍራም ብረት ግዛ፤ ለልጅህም ይደርሳል። ሳትገዛም ገልብጠህ ጎማውን አሽከርክረው።

ይመር እስከ መጨረሻው አዳመጠኝ። ከዚያ በትህትና፣ ብርድ ልብሱን እያነሣ፣ «እሺ፣ አልገዛም። እርስዎ ግን ለልጅዎ እየወሰዱላት ነው አይደል?» አለኝ።

ቺያቬዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። «ጠግኜዋለሁ» አልኩት። እሱም «ኢንሻአላህ» ብሎ ተሰናብቶኝ ወደ ባቲ መኪና ሄደ።

ከሚሌ እስከ ሎጊያ ከራሴ ጋር ስሟገት ሄድኩ። ሁመድ ሁለት ጊዜ ዞሮ አየኝ። ጠግኜዋለሁ፣ ፍሬኑ ይይዛል፣ ፔዳሉ ይዟል፤ ወንድሜም ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ነው የገዛው፤ ባዶ እጄንስ እንዴት እደርሳለሁ? ይህን ለራሴ እያልኩ በመስኮት ከባድ መኪናዎቹን አያለሁ። ጎማቸው ደረቴ ይደርሳል። ልጄ በዚህ መሐል ነው የምትነዳው።

ሰመራ

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሰመራ ገባን። ሰፋፊ መንገድ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ባጃጆች፣ እንደ ፀጉር ማድረቂያ ፊት ላይ የሚነፋ ነፋስ። ፍሬ ነጭ ጋዋኗን እጇ ላይ አጥፋ ቆማ ትጠብቀኛለች። ከስታለች፣ ጠቁራለች፣ አምራለች። አገላብጣ ሳመችኝ፤ ከዚያ ሳይክሉን አየችው።

«አጎቴ ነው?»

«እሱ ነው። አየሽ ማማሩን?»

«ያምራል» አለችና የቤቷ በረንዳ ላይ አንድ ቃል ሳትጨምር ገለበጠችው። በኮርቻውና በመሪው አቆመችው። ጎማውን አሽከርክራ ጆሮዋን አስጠጋች። ፔዳሉን ነካች፣ ቆርቆሮዬን አየች፣ እኔን አየችኝ፣ አለፈችው። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና በጣቶቿ የብረቱን መጋጠሚያ አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ ሆድ የምትዳስሰውም እንዲሁ ይመስለኛል። የኋላው ሞላ ከገላው የሚያያዝበት ጋ ጣቷ ቆመ።

«እማ፣ ነይ ዳሺ።»

ዳሰስኩ። በቀዩ ቀለም ስር ስንጥቅ አለ፤ ፀጉር የሚያህል። ብየዳው ግማሹን ብቻ ነው የያዘው፣ የቀረውን ቀለም ነው የሸፈነው። እኔ ቀኑን ሙሉ የሚዞረውን ስፈትሽ የማይዞረውን አልነካሁም።

«እኔ በዚህ አልሄድም» አለች። አልተቆጣችም፣ አላዘነችም። «እናቶች እየጠበቁኝ መንገድ ላይ ለሁለት ቢሰበር ምን አደርጋለሁ?»

ብታዩኝ። ማፈር ነበረብኝ፤ እኔ ግን አንገቴ በኩራት ረዘመ። አሥር ዓመት ሳይሞላት፣ የደንበኛ ሳይክል ስትገለብጥ እጇ በግራሶ ጠቁሮ፣ «ሳታዪ አትጋልቢ» ያልኳት ልጅ እኔኑ ሳታይ አላሳለፈችኝም። የግርማ ስጦታ ነው ብላ አልፈራች፣ እናቴ ጠግናዋለች ብላ አላለፈች።

«ታዲያ በምን ልትሄጂ ነው?»

«ጥቁሯ አለች አይደል? የተማርኩባት። ሸጥሻት እንዴ?»

አልሸጥኳትም። ጥቁሯ ማርሽ የሌላት፣ ሞላ የሌላት፣ ከባድ አሮጌ ሳይክል ናት፤ ሱቄ ጥግ ላይ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ቡሎን የተረፈኝ እሷ ላይ ነው። ለልጄ ትመጥናለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ለአጎቷም ራሷ ደወለች። «አጎቴ፣ ገላው ብየዳው አልያዘም፣ አልነዳውም» አለችው ሳትሸፋፍን። «የመሪውን ደወል ግን ወስጄዋለሁ። እንዲህ የሚጮህ ደወል አፋር ውስጥ የለም።» ግርማ ግን፣ «ላስቲኩን ማን ላጠው?» ሲል ተሰማኝ። ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱም ሳቀ።

አዋሽ፣ ከተመለስኩ በኋላ

ሳይክሉን ይዤው ተመለስኩ። ጎማዎቹንና ሰንሰለቱን ፈታሁ፤ ገላው ሱቄ በር ላይ ተሰቅሏል። ሳይክል ሊገዛ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ሲመጣ ጣቱን ይዤ ያችን ስንጥቅ አስዳስሰዋለሁ።

ጥቁሯን አንድ ሙሉ ቀን ሠራኋት። ፈታሁ፣ አጠብኩ፣ ግራሶ ቀባሁ፣ የፍሬን ላስቲኳን ቀየርኩ። ብየዳዋንም ዓይኔን ጨፍኜ ዳሰስኩ። የጎማዋን አየር ቀንሼ ለሁመድ አስረከብኳት፤ በላስቲክ አልጠቀለልኳትም።

ትናንት ሁመድ ከሰመራ ሲመለስ ሱቄ ደጅ ቆመ። ሻይ አዘዝኩለት። እግሩን ዘርግቶ ዳጉውን ጀመረ፤ ዱብቲ ዝናብ እንደጣለ፣ ሰርዶ ላይ መኪና እንደተገለበጠና ሾፌሩ እንደተረፈ ነገረኝ።

«ደግሞ» አለ፣ «የሎጊያ ሾፌሮች የሚሉትን ስሚ። በጠዋት አንዲት አዋላጅ በጥቁር ሳይክል ትመጣለች አሉ። ደወሏ ከሩቅ ይሰማል። ባለ ተሳቢዎቹ ሳይቀሩ ጠጋ ይሉላታል፤ ሚስቶቻቸውን ያዋለደች ናት።»

ሻዩን ጨመርኩለት።

«የማን ልጅ ናት?» አልኩት፣ እንደማያውቅ ሰው።

ሁመድ አየኝ። ገባው። መልሶ ተደላድሎ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀመረልኝ።