የአባቴ ነፍስ

የባሕር ዛፍ ሰጋቱራ በሸተተኝ ቁጥር እጄ ሳላውቀው ይጨበጣል። ልጅ ሳለሁ አባቴ ንፋስ መውጫ ከተማ ግቢያችን ውስጥ ግንድ የሚቆርጡበት ባለ ሰንሰለት የኤሌክትሪክ መጋዝ ነበራቸው። ሰንሰለቱ ሲላላባቸው መጋዙን ያጠፉና ስፒናውን ከሶኬቱ ነቅለው እጄ ላይ ያኖሩታል።

«ነፍሴን ያዢልኝ» ይሉኛል። ስፒናውን እጄ ላይ ሳያዩ ሰንሰለቱን አይነኩም።

እኔ የምሬን ነበር። የአባቴ ነፍስ ሁለት የብረት እግር ያላት ጥቁር ነገር መስላኝ፣ እንዳይበርዳት በቀሚሴ እጠቀልላታለሁ። አንድ ቀን እናቴ ለምሳ ብትጠራኝ፣ «የአባባን ነፍስ ለማን ጥዬ ልምጣ?» ብዬ ጮህኩባት።

ዛሬ አባቴ አርጅተዋል፤ ግንድ የምቆርጠው እኔ ነኝ። ጠዋት ሰንሰለቱ ላላብኝና ስፒናውን ነቅዬ አስያዝኳቸው።

«ነፍሴን ያዙልኝ አባባ።»

በጋቢያቸው ጠቀለሏት።