ደብተሬ ላይ ያልጠወለገው ጫት

ያሳደገችኝ አክስቴ አሰበ ተፈሪ መናኸሪያ አጠገብ ጫት ትሸጥ ነበር። አዳዳ ነው የምላት። ስድስተኛ ክፍል ጨርሼ ቤት ስውል ገበያ ይዛኝ መሄድ ጀመረች። እሷ የገዛችበትንም የሸጠችበትንም በጭንቅላቷ ትይዛለች፤ እኔ በደብተር እጽፋለሁ። ሰው ቀና ብዬ ማየት ስለማልደፍር ደብተሩ መደበቂያዬም ነበር።

አንድ ቀን ለቅሶ ሄደችና ብቻዬን ቀረሁ። ከገለምሶ የመጣ ሃያ ዙርባ ጫት፣ እስሩ በሁለት ብር የተገዛ፣ በኮባ ተጠቅልሎ ፊቴ ተቀምጧል።

«ለነገ መግዣ ሌላ ብር የለኝም፤ እንዳታሳድሪው» ብላኝ ነበር።

ያን ቀን ጫት በብዛት ገብቷል። ሌሎቹ ሴቶች ገዢ ይጠራሉ፤ እኔ ድምፄ አልወጣ አለኝ። እስከ እኩለ ቀን የሸጥኩት ስድስት ብቻ ነው፣ በሁለት ከሃምሳ። አንድ ሹፌር መጥቶ ቆመ።

«አንቺ ዝምተኛ፣ የቀረውን በሙሉ በአንድ ከሰባ አምስት ላንሳልሽ?»

«በሁለት ነው የተገዛው» አልኩ፣ መሬት መሬት እያየሁ።

«በስንት ገዛሽው አልኩሽ እንዴ? የዛሬው ገበያ ይኼ ነው!»

በልቤ አሰላሁ፤ በቀረው አስራ አራት ዙርባ ሦስት ብር ከሃምሳ ኪሳራ። ያን ቃል በገዛ እጄ መጻፍ አቃተኝና እምቢ አልኩት። ትምህርት ቤት በተማርነው ሒሳብ ዕቃ አይጠወልግም ነበር።

ሰው ሁሉ ሊቅም በርጫ ከተቀመጠ በኋላ ገዢ ጠፋ። ውኃ ብረጭበትም ቅጠሉ ተኛ። ያኔ የአዳዳ የዘመናት ደንበኛ፣ አንድ ሽማግሌ ሐጂ፣ እንግዳ ድንገት መጥቶባቸው አምስት ዙርባ ጠየቁኝ። ደህና ደህናውን ቀንበጥ ከውጭ፣ የጠወለገውን ከውስጥ አድርጌ ጠቀለልኩላቸው። አስር ብር ሰጡኝ።

«የአክስትሽን ጫት ፈትቼ አይቼ አላውቅም» አሉና ሄዱ።

ማታ ለአዳዳ የነገርኳት ስለ ሹፌሩና ስለቀረው ዘጠኝ ዙርባ ብቻ ነው።

«ደብተሩ ነው የሚቅመው?» አለችኝ። «ሁለቱ ብርማ ጠዋት ሄዷል። እጅሽ ላይ የነበረው ጫቱ ነው። በሹፌሩ ብር ዛሬ ባይተረፍም፣ ነገ ገዝቼበት እሠራ ነበር።»

በማግስቱ ሐጂ ጥቅሉን ይዘው መጡ። አዳዳ ፊት ፈቱት። እሷ ጫቱን አየች፣ እኔን አየች። ደብተሬ ላይ አቀረቀርኩ። ትናንት እሷ ገበያ እንዳልነበረች መናገር ትችል ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ ሐጂ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች።

«እንግዶቼ ፊት አፈርኩ እኮ» አሉ፤ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። አስር ብራቸውን መለሰችላቸው። በቀረን ብር ያን ቀን ሰባት ዙርባ ብቻ ገዛን።

ሐጂ ከእኛ መግዛት አልተዉም። ግን ከዚያ ወዲህ ሲመጡ አዳዳ እስኪጠይቋት አትጠብቅም፤ ኮባውን ፈትታ፣ እያንዳንዱን ዙርባ ገልብጣ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ ታሳያቸዋለች። እኔ ጎኗ ቁጭ ብዬ እጽፋለሁ። ጨርሳ እስክትጠቀልል ድረስ ቀና አልልም።