የጋራ ድርቆሽ

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ምግብና መኝታ የሚያዘጋጅ ኃላፊ በደመወዝ ይሾማል ሲሉ ስሰማ ሳቄ ይመጣል። እኔም ያንን ሥራ ሠርቻለሁ፤ ደመወዜ ግን ዱላ ነበር። በጣልያን ጊዜ፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ከሚወስደው መንገድ ቁልቁል ባለች አንዲት ደብር የቅኔ ጉባኤ አበጋዝ ነበርሁ። ቅኔውን የሚያስተምሩት የኔታ ናቸው። አበጋዝ ጎጆ ያሠራል፣ የታመመ ያስታምማል፣ የተጣላ ይገላግላል፣ አልሰማ ያለውን ይገርፋል። እኔ ደግሞ ሲፈጥረኝ ቁጡ ነኝ፤ የመረጡኝም ለዚሁ ይመስለኛል።

ተማሪ ለምኖ አዳሪ ነው። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፤ የሰጡትን ቁራሽ ይዞ ይመለሳል። የለመነው የራሱ ነው፤ ደንቡ ከጥንት እንዲያ ነው። ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ዙሪያውን ማቃጠል ሲጀምር ግን ደንቡ ራሱ ፈጀን። ጎተራው የነደደበት ገበሬ ምን ይሰጣል? ሰው ሁሉ ሰላይ ይመስለዋል፤ ውሻውን ፈትቶ ይለቅብናል። ድምፁ የጎላና ጉልበት ያለው ቁራሽ ሲያገኝ፣ ዓይናፋሩ ባዶ አኩፋዳ ታቅፎ ይተኛል። አንዱን ተማሪ ውሻ ባቱን ዘንጥሎት፣ ቁስሉ ትል እስኪያፈራ ጎጆው ውስጥ ሲያቃስት፣ የጎጆ ጓደኛው ጀርባውን ሰጥቶት ሲበላ አየሁ። ያን ቀን ደሜ ፈላ።

«ይህ ጉባኤ ክረምቱን ካልተሻገረ ይበተናል፤ ከተበተነ ደግሞ በእኔ ዕድሜ ዳግም አይሰበሰብም» አሉኝ የኔታ።

«እርስዎ ያስተምሩ፤ ሆዱን ለእኔ ይተዉት» አልኋቸው።

አዲስ ደንብ አወጣሁ። የመጣው ቁራሽ ሁሉ አንድ ቁርበት ላይ ይገለበጣል። መጀመሪያ በሽተኛ ይበላል፤ ከዚያ ሌላው እኩል ይካፈላል። የተረፈው ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ድርቆሽ ሆኖ ለክረምት ጎታ ውስጥ ይገባል። ገበሬውም እንዳይማረር መንደሮቹን ተከፋፈልን፤ እያንዳንዱ ደጅ የራሱ ተማሪና የራሱ ቀን አለው።

ከሁሉ የከፋብኝ አንድ ረዥም፣ ደረተ ሰፊ ጎበዝ ነበር። ድምፁ ከወንዝ ማዶ ይሰማል፤ አኩፋዳው ባዶ ሆኖ አያውቅም።

«ውሻ የሚነክሰው እኔን፣ የሚበላው ሌላ! ኧረ በማርያም! የለመንሁት የራሴ ነው።»

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ሲባል አልሰማህም?»

«ሰምቻለሁ። በድር የታሰረ አንበሳ ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።»

ተማሪው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ በዱላ ትከሻውን አልሁት፤ እሱ በቡጢ ከንፈሬን ተረተረው። መሬት ለመሬት ተንከባለልን፤ ጥርሴ ወለቀ። ሲደክመን ተነሣና አኩፋዳውን ቁርበቱ ላይ ገልብጦ «እንካ! ጉሮሮህን ይነቀው!» ብሎኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ግን አንዲት ቁራሽ ደብቆ አያውቅም። ወደድሁት፤ ለመናገር ግን እልሄ አልፈቀደልኝም።

የሰኔ ዝናብ ሲጀምር ጎታው እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ተማሪው እየዞረ ያየዋል፣ ይስቃል። በዚያው ሰሞን አርበኞች መንገዱ ላይ የጣልያን መኪና አቃጠሉ። በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሶላቶና ባንዳ ከቡሬ ጎርፎ መጣብን። የባንዳዎቹ አለቃ ከጅረቱ ማዶ ተወልዶ ያደገ ያገራችን ሰው ነው። ጎጆውን በሰደፍ እየሰበሩ ሲበረብሩ ጎታውን አገኙት። ድርቆሽ የዘማች ስንቅ ነው፤ በጎጃም ይህን የማያውቅ ሕፃን የለም። እኛ ግን ጠግበን የማደር ተስፋ አስክሮን ማን ያስታውሰው!

«የሽፍታ ስንቅ!» ብሎ ጮኸ የባንዳዎቹ አለቃ። አስተርጓሚው ለጣልያኑ መኮንን ነገረው። የኔታን በሰደፍ አፋቸውን መትተው፣ ደም እየተፉ ከዋርካው ጋር አሰሯቸው። የማን ነው ሲሉ «የእኔ ነው፤ ለምነን ያደረቅነው ነው» አልሁ። በአለንጋ ጀርባዬን ተለተሉት። ማን ይሰማኛል! መኮንኑ በየኔታ ፊት ጠመንጃ አሰለፈ።

ይኼኔ ረዥሙ ጎበዝ ሶላቶውን ገፍትሮ ጎታው ዘንድ ደረሰ። እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ ድርቆሽ ዘገነ።

«የዘማች ስንቅ ካንድ ቤት፣ ካንድ ቡኮ ነው» አለው ባንዳውን። «ይህን እየው፤ ጤፍ፣ ገብስ፣ በቆሎ። እንዲህ የምትጋግር የማን እናት ናት?»

ጎበዙ እንደገና ፈለገና ዳር ዳሯ በጣት የተጫነ የዳጉሳ ቂጣ አወጣ።

«ይችን ግን ታውቃታለህ። በየቅዳሜው የሚሰጡኝ እናትህ ናቸው። ‹ልጄ ከጠላት ገብቶብኛል፤ ልቡን እንዲመልስልኝ ጸልዩልኝ› ይሉኛል።»

ባንዳው ቂጣዋን አየ። ፊቱ አመድ መሰለ። ጠመንጃውን አነሣና ደረቱን በጥይት አለው። ጎበዙ ቂጣዋን እንደ ያዘ ጎታው ላይ ተደፋ፤ ደሙ ድርቆሹ ውስጥ ገባ። ባንዳው ፊቱን ከእኛ አዙሮ ለአስተርጓሚው «እውነቱን ነው፤ የለማኝ ፍርፋሪ ነው» አለ።

ጎታውን ሰባብረው፣ ጎጆውን አቃጥለው ሄዱ። የኔታን ፈታን። ጓደኛችንን ቀበርን፤ ደም ያልነካውን ድርቆሽ ከጭቃው እያለቀስን ለቀምን። ጉባኤው በዚያ ድርቆሽ ክረምቱን ተሻገረ።

የቅዳሜው ደጅ የሟቹ ነበርና እኔ ሄድሁ። ልጅዎ ነፍሰ ገዳይ ነው ብዬ ልጮኽባቸው ቆርጬ ነበር የሄድሁት። እናትዮዋ ቂጣቸውን ይዘው ወጡ።

«ያ ድምፀ መረዋው ልጄስ?» አሉኝ።

አኩፋዳዬን ከፍቼ ተቀበልኋቸው። «ሩቅ አገር ሄዷል፣ እማማ።»

«እንግዲያ የእሱንም ድርሻ ያዝለት» ብለው ሌላ ቂጣ ጨመሩልኝ። «ለልጄም ጸልዩልኝ።»

የጋራውን ቁርበቱ ላይ ጣልሁ። የእሱን ድርሻ ግን አልደባለቅሁትም፤ የለመንሁት የራሴ ነው ይል አልነበር? ባቱን ውሻ ለዘነጠለው ተማሪ ለብቻው ሰጠሁት፤ እሱም «ነፍስ ይማር» ብሎ በላ። በየቅዳሜው እንዲሁ አደረግን። ተዝካሩን ያወጡለት የገዳዩ እናት ናቸው፤ እሳቸው ግን ለመንገደኛ ስንቅ የሚሰጡ ይመስላቸው ነበር።