በብርድ ልብስ ሱቅ የተሸጠ ድርሻ

የክፍለ ሀገር ቸርቻሪ መርካቶ ድረስ ሳይመጣ በስልኩ ዕቃ የሚያዝበት መተግበሪያ ሠርቻለሁ። ገንዘብ የሚያስገባ ሰው ካላገኘሁ ግን በወሩ መጨረሻ ልዘጋው ነበር። ስለዚህ አንድ ዓርብ አንዋር መስጊድ አጠገብ ብርድ ልብስ በጅምላ ወደሚሸጡት ወደ ጎረቤታችን ጋሼ ነስሩ ሄድኩ።

«ብድር አይደለም ጋሼ። የድርጅቱን ድርሻ ይገዛሉ። ካተረፍን አብረን እናተርፋለን፤ ከከሰርንም አብረን ነው።»

«አታሟርትብኝ እንጂ! እኔ በእጄ የማልዳብሰውን ዕቃ አልገዛም» አሉና ለጁምዓ ተነሡ። «ሰግጄ እስክመለስ ሱቁን ጠብቅልኝ።»

ወዲያው ከወልቂጤ የመጡ ደንበኛቸው፣ እትዬ ዘነበች፣ ገቡ። የብርድ ልብሱን ዋጋ አላውቅም፤ ዝም ማለት ደግሞ አይሆንልኝም። ስለዚህ የማውቀውን አስረዳኋቸው፦ መተግበሪያው ምን እንደሚሠራ፣ ድርሻ ምን እንደሆነ፣ ገንዘቡም ቶሎ እንደማይመለስ።

«አንተ ልጅ፣ እኔ ለአንድ ቦንዳ ብዬ ስንቴ ነው ሱቄን ዘግቼ የምመጣው! በል እኔ እገባለሁ» አሉኝ።

ጋሼ ነስሩ ሲመለሱ እየተጨባበጥን ደረሱ። ነገሩን ስነግራቸው ወንበራቸው ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«ማሻአላህ! ደንበኛዋ የማን ናት?»

«የእርስዎ።»

«ሱቁስ?»

«የእርስዎ።»

«ታዲያ ኮሚሽኔስ?»

እውነታቸውን ነው። መርካቶ ውስጥ ሻጭና ገዢ ያገናኘ ሰው ባዶ እጁን አይቀርም። እኔ ግን ኪሴ ባዶ መሆኑን ማልኩላቸው።

«ማን ብር ጠየቀህ?» አሉ። «በዚያው በድርሻው አድርግልኝ።»