የልብስ ሰፊው እግር

ልብስ ሰፊው ግራ እግሩን ጎተት እያደረገ ነው የሚራመደው። ሜትሩ ከአንገቱ አይወርድም። ሲለካ ስፒሉን በከንፈሩ ስለሚይዝ፣ ከመናገር ይልቅ መስማት የለመደ ሰው ነው። ድሮ ሱቁ ወሬ የማይነጥፍበት ነበር። አሁን ግን የገባ ሁሉ "ሱሪውን ያሳጥሩልኝ" ይልና አፉን ቆልፎ ይወጣል።

ነገሩ የመጣው ከመጽሐፍ ነው። አንድ የሰፈሩ ልጅ ደራሲ ሆነና ስለ ሰፈሩ ልብ ወለድ ጻፈ። ለታሪኩ ጆሮ ጠቢ ሲያስፈልገው፣ እግሩን የሚጎትት፣ ሜትር በአንገቱ ያንጠለጠለ፣ ዝም ብሎ የሚሰማ ልብስ ሰፊ ፈጠረ። ያነበበው ላላነበበው ነገረ። መጽሐፉ በሚተርክበት በዚያ ክፉ ዘመን ከየቤቱ በጥቆማ የታሰረ ሰው ነበርና፣ ሁሉም የራሱን ሰው እያስታወሰ ወደ ሱቁ ያይ ጀመር።

ባለፈው ሳምንት ደራሲው ኮት ሊያስጠብብ መጣ።

"ጋሼ፣ እርስዎን አይደለም እኮ የጻፍኩት። ፈጠራ ነው" አለ፣ መሬት መሬት እያየ።

"ታዲያ እግሬን ለምን ወሰድክ?"

ደራሲው ኮቱን አቀበለው።

"ሰፈሩን ተወው፤ ሰፈር የነገሩትን ያምናል" አለ ሰፊው ኮቱን እየገለበጠ። "ሠላሳ አንድ ዓመት አብራኝ የኖረችው ሚስቴ ግን መጽሐፍህን አንብባ ጨረሰችና፣ 'እውነት ነው እንዴ?' አለችኝ። ወንድሟ እስር ቤት ነው የሞተው። አይደለም ብዬ ማልኩላት። እሺ አለችኝ፤ በነጋታው አልጋ ለየች።"