የእናቴን ውሻ ማክሳት

ውሻው ጠፋበት፣ ውሻውን መኪና ገጨበት ሲባል ሰምቻለሁ። ውሻው ወፍሮ መራመድ አቃተው ሲባል ግን ከእኛ ቤት በፊት ሰምቼ አላውቅም። እንጅባራ ውስጥ ውሻ በባጃጅ ጭኖ ወደ እንስሳት ክሊኒክ የሄደ ሰው ካለ እኔ ነኝ። ሹፌሩ በስልክ ሳናግረው በግ የምጭን መስሎት ነበር። ደጃፋችን ደርሶ ሲያየው "ምን ሆኖ ነው?" አለኝ። "ወፍሮ" አልኩት። ክሊኒኩ እስክንደርስ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያየን ሲስቅ ሄደ።

ክሊኒኩ ግቢ ውስጥ የተሰበሰቡት ገበሬዎች በሬና ፈረስ ይዘው ነው የመጡት። ውሻውን በገመድ እየጎተትኩ ስገባ ወሬያቸውን አቋረጡ። አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ከላይ እስከ ታች አዩትና "ልጄ፣ ይሄ ውሻ ነው ሙክት?" አሉኝ። "ውሻ ነው አባቴ" አልኳቸው። አጠገባቸው ወዳለው ሰው ዞረው በአውኛ አንድ ነገር ሲሉት ግቢው በሙሉ በሳቅ አውካካ። እኔ አውኛ አልሰማም። እናቴ ትሰማለች፤ አብራኝ ብትሆን ኖሮ ትነግረኝ ነበር። እሷ ግን "ደህና የሚበላ ውሻ ሐኪም ቤት ምን ይሠራል?" ብላ ቤት ቀርታለች።

ሐኪሙ ገና ወጣት ነው። ወገቡን ደባበሰው፣ የኋላ እግሮቹን አጠፍ ዘርጋ አደረገና "እስቲ ጎድኑን ፈልጊልኝ" አለኝ። ጣቶቼን ሰድጄ ፈለግኩ። ጎድን የሚባል ነገር የለም፤ የነካሁት ሁሉ ይሰረጉዳል። "አየሽ" አለኝ፣ "በሽታ የለበትም። በሽታው ምግብ ነው። በዚህ ከቀጠለ የኋላ እግሮቹ አይሸከሙትም። አንዴ ከተኛ ደግሞ መነሣቱን እንጃ።"

ይህን ስሰማ የታየኝ ውሻው አይደለም፣ እናቴ ናት። እናቴ ሊነጋጋ ሲል ተነሥታ ኪዳን ታስደርሳለች። ብርድ የለ፣ ዝናብ የለ፣ ጭጋጉ ፊት ለፊት ያለውን ሰው ቢሸፍነው ግድ የላትም። ቤተ ክርስቲያኑ ዳገቱ ጫፍ ላይ ነው፤ መንገዱ ደግሞ ሰዉ ለከሰል በተከለው ዲከረንስ በሚባል ዛፍ መሃል ያልፋል። እዚያ ውስጥ ጅብ አለ። ውሻው ደህና በነበረ ጊዜ ከፊቷ ሮጦ፣ ጫካውን ጮሆበት ይመለስና አጅቧት ይወጣል። አሁን ግን ዳገቱ ሥር ሲደርስ ቁጭ ይላል። ከዚያ ወዲያ እናቴ ብቻዋን ናት። እንዳትሄድ ብለምናት አትሰማኝም። እኔ እንዳልሸኛት ሥራዬ ዳንግላ ነው፤ የጠዋቱ ሚኒባስ ካመለጠኝ ሌላው እስኪሞላ ረፋድ ይሆናል። ስለዚህ ውሻው መክሳት ነበረበት። ሌላ መላ አልነበረኝም።

የሐኪሙ ትእዛዝ ቀላል ነበር። ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ፤ ከሳንባ ጋር የተቀቀለ ጎመን ቢሆን ጥሩ ነው። እንጀራ፣ ዳቦና ድንች ይቅር። አተላ ጭራሽ እንዳያይ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይራመድ። ባዶ ሆዱን እንዳታውሉት፣ ቀስ በቀስ ነው አለኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ተመለስኩ። ችግሩ ውሻው ነው ብዬ ማሰቤ እኮ ነው የሚገርመኝ።

"ምን አለ ሐኪሙ?" አለችኝ እናቴ።

"ምግቡ ይቀነስ አለ።"

"መድኃኒቱስ?"

"መድኃኒቱ እሱ ነው።"

"እና ታሟል የተባለን አታብሉት የሚል ሐኪም ነው ያገኘሽው?" አለችኝ። "አንቺ ልጅ ሆነሽ ስትታመሚ አብልተን አይደለም እንዴ ያዳንንሽ?"

"እማ፣ እኔ በምግብ አልታመምኩም።"

"ኧረ በማርያም! ምግብ የት አገር ነው ሰው ሲያሳምም የታየው?"

ጣሳውን ሰጠኋት። ከቲማቲም የተረፈ ጣሳ ነው፤ ጫፉን አጥፌ፣ አጥቤ፣ "በዚህ ብቻ" አልኳት። "እሺ" አለች። እናቴ እሺ ስትል ነው መፍራት። ማታ ከዳንግላ ስመለስ ስትሰፍርለት ደረስኩ። ጣሳውን ሞላችው፣ መታ መታ አድርጋ ጠቀጠቀችው፣ እንደገና ሞላችው፤ ከዚያ በላዩ ላይ በእጇ ከመረችበት። ከጣሳው በላይ የተቆለለው ከውስጡ አይተናነስም።

"እማ! አንድ ጣሳ እኮ ነው የተባለው!"

"ይሄ ስንት ነው ታዲያ? ሁለት ነው?"

ጣሳውን ተቀበልኳትና ክምሩን በመዳፌ ጠረግኩት። እናቴ በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነውር አይታ አታውቅም። ለጎረቤት እህል ስታበድር፣ ለነዳይ ዱቄት ስትሰጥ፣ ከምራ ነው የምትሰፍረው፤ ጠርጎ የሚሰፍር ሰው ለእሷ ቆጥቋጣ ነው፣ ቤቱም በረከት የለውም። "ጠርገሽ ልትሰፍሪ ነው? በእኔ ቤት?" አለችኝ። ድምፅዋ የእውነት ደነገጠ። "ለውሻ ነው እማ" አልኳት። "ለውሻስ ቢሆን! እጄን ምን አስለመድሽብኝ?" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። እኔ ከሳይንስ ጋር ነው የምሟገት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ከስፍር ጋር ነው።

ቢሆንም አልተሸነፍኩም። ሳልወጣ የጠዋቱን ራሴ ሰፈርኩለት፤ የማታውንም ስመለስ ራሴ ሰፈርኩለት። ቀን ምን እንደሚሆን ግን ማን ያውቃል? የታችኛዋ ጎረቤታችን አረቄ ታወጣለች። አንድ ቀን ቀደም ብዬ ስመለስ ውሻችን ከእሷ በጎች ጋር ተሰልፎ አተላ ሲጠጣ አገኘሁት። ሲያየኝ ጅራቱን ለመቁላት ሞከረ፤ እሱም እንኳ ወዲህና ወዲያ ሄደበት። ስካር ነው እንግዲህ! ጮህኩ። ጎረቤታችን ደንግጣ ወጣች። "እባክሽን አተላ እንዳትሰጪው፣ ሐኪም ከልክሎታል" አልኳት። "ሐኪም?" አለችኝ። "ውሻውን?" ያን ቀን ሰንሰለት ገዝቼ ገባሁ።

በሰንሰለት ካሰርኩት በኋላ ነገሩ መልክ ያዘ። ሲመሽ እየፈታሁ እስከ አስፋልቱ ድረስ አራምደው ነበር፤ ልጆች እየተከተሉ ይስቁብን ነበር፣ ይሳቁ። አንድ እሑድ ጎኑን ስደባብሰው ጣቴ ስር ጠንከር ያለ ነገር መጣ። ጎድን! እንደዚያ ቀን በአጥንት ተደስቼ አላውቅም። እናቴን ጠርቼ እጇን ይዤ አስነካኋት። ፊቷ ጠቆረ። "አጥንቱ ወጣ እኮ" አለች።

እሷ ብቻ ብትሆን ጥሩ ነበር። ውሻው ዘዴ አገኘ። ለሽርሽር ስፈታው አምልጦኝ በየሰዉ ደጃፍ፣ በተለይ ራት ሲቀርብ፣ ቁጭ ይልና የሚበሉትን ሰዎች ያያል። አይጮኽም፣ አይነካም፤ ያያል ብቻ። እንዲያ ያለ አስተያየት ከየት እንደተማረው እግዚአብሔር ይወቀው። ሰዉ ደግሞ ዓይን አለው። የጠገበ ውሻ የነበረው ቤት ውሻው ጎድኑ ወጥቶ በየደጁ ለመነ፤ ልጅቱ በጣሳ ጠርጋ ነው የምትሰፍርለት ተባለ፤ ታዲያ ምን ቀረ?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጓዳ ሆኜ ልብስ ሳጣጥፍ አረቄ አውጪዋ ጎረቤታችን ገባች። ከእናቴ ጋር በአውኛ ዝግ ብለው ያወራሉ። እኔ ብቅ ስል ወደ አማርኛ ዞረች። ከነጠላዋ ሥር ድንች የሞላ ፌስታልና ዱቄት የቋጠረ ጨርቅ አውጥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠች። "እትዬ፣ ቅር እንዳይልዎት" አለች። "ሰው ነን፣ ይደርሳል። ለማንም አልተናገርኩም።"

እናቴ ድንቹን አየች፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። ለጎረቤታችን "እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ግን እኛ ደህና ነን" አለቻት በቀስታ። ጎረቤታችን እንደሚያውቅ ሰው ራሷን ነቀነቀች፤ ደህና ነን ማለት የባሰ አረጋገጠላት። ድንቹን ትታ ሄደች።

በሩ እንደተዘጋ እናቴ "አዋረድሽኝ" አለች። ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። "አባትሽ ሲሞት እንኳ የሰው ዱቄት እዚህ ቤት አልገባም። ዛሬ በውሻ ምክንያት ገባ።" እኔ ስለ መገጣጠሚያ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ዳገቱ ላስረዳት ሞከርኩ። ማንን? ትልቁን ትሪ አነሣች፣ ሙሉ እንጀራ በወጥ አርሳ ቆረሰች፣ የውጭው በር ላይ ወጥታ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየ፣ "ና ብላ!" ብላ ተጣራች። ውሻው በላ። በማግሥቱም እንዲሁ። የስንት ሳምንት ልፋቴ በዓይኔ ፊት እንደገና ወፈረ። ተናድጄ ጣሳውን ወረወርኩት። "እኔ ምን አገባኝ፣ ይፈንዳ!" አልኩ። ግን ያገባኛል፤ ዳገቱ እኮ አልተነሣም።

ክረምቱ ሲከብድ ሥራ የማልገባበት አንድ ጠዋት አብሬያት ወጣሁ። ካፊያ ነው። እሷ ጥላና ባትሪ ይዛለች፣ ውሻው ከኋላችን ያለከልካል። ዲከረንሱ ጋ ስንደርስ ቁጭ አለ። መቀጠል አለብን ብዬ ነበር፣ እናቴ ግን ተመለሰችና እርጥብ ድንጋይ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች። ከላይ የኪዳኑ ደወል ተደወለ። አልተነሣችም።

"እማ፣ ኪዳኑ አለፈሽ እኮ።"

"ትቼው ልሂድ? ጅብ ይብላው?"

ለካ ከሰሞኑ ወደ ላይ የምትወጣው ብቻዋን አልነበረም፤ ጭራሽ አትወጣም ነበር። እሱን ጠባቂ ብላ ይዛ ከቤት ትወጣለች፣ ከዚያ ራሷ ስትጠብቀው ነግቶ ይመለሳሉ። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ ዳቦ ነው። ቆርሳ ከአፉ ፊት ያዘችለት። "ና የኔ ጌታ፣ እንካ፣ ተነሥ።"

ንዴቴ ገነፈለ። "እሱ እኮ ነው ያስተኛው! ምግብ ነው እግሩን የሰበረው! ለማስነሣት ታበይዋለሽ?"

"ታዲያ ምን ብዬ ላስነሣው?" አለችኝ ቀና ብላ። ካፊያው ፊቷ ላይ ነበር። "እኔ ብላ ከማለት ሌላ የማውቀው የለኝም። እናንተን ሁሉ ብሉ እያልኩ ነው ያሳደግኩ። እህትሽ ሄደች፣ ወንድምሽ ሄደ። አንቺ ወደ ቤት ስትመለሺ ደስ አለኝ፤ መሽቶ ትገቢያለሽ፣ ዳንግላ በልቻለሁ ትያለሽ፣ ትተኛለሽ። የማታ ወጥ ሠርቼ ማንን ነው ብላ የምለው?"

ሚኒባሱ እስኪሞላ ርቦኝ መናኸሪያው አጠገብ እየበላሁ እገባ ነበር፤ እሷ እንዳትደክም ብዬም ነው። አሳዘነችኝ፣ ንዴቱም ግን አልለቀቀኝም፤ ሁለቱ አብረው ያሉ ጊዜ ምን እንደሚባል አላውቅም። ዳቦውን ከእጇ ወስጄ እዚያው ዝናብ ላይ በላሁት። ደርቋል። "ጨው ያንሰዋል" አልኳት። "አንቺ ደግሞ!" አለች፤ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዳንግላ ምሳ እንጂ ራት አልበላም። ርቦኝ እገባለሁ፣ ትሪው ይቀርባል፣ እናቴ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች። ለእኔ ከምራ ስለምታቀርብ ለውሻው ጠርጌ ብሰፍር አታይም፣ ወይም እንዳላየች ትሆናለች። ጎረቤታችንም ጉንጬን አይታ ስለ እኛ ቤት መጨነቋን ተወች። ውሻው ቀስ በቀስ ቀለለ፤ መጀመሪያ እስከ ዳገቱ ግማሽ፣ ኋላ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ወጣ። ጠዋት ጫካው ውስጥ ሲጮኽ ከአልጋዬ ሆኜ እሰማዋለሁ። የእኔ ጉርድ ቀሚስ ግን አልዘጋ ብሏል፣ ደረጃ ስወጣ አለከልካለሁ፣ ቢሮ ውስጥ "ምነው ተመቸሽ!" የማይለኝ የለም።

ባለፈው ማታ መረረኝ። የቀረበልኝን ጨርሼ እጄን ሰበሰብኩ። እናቴ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋችልኝ።

"በቃኝ እማ። ፈነዳሁ።"

"በሞቴ፣ ይቺን ብቻ።"

"አልበላም። እምቢ።"

እጇ ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጉርሻውን እንደያዘች ወደ በሩ ዞረች። ውሻው ከደጃፉ ተነሥቶ ቆሟል፤ ወገቡ ገና አሁን ነው መልክ የያዘው።

"ወዲህ በይው" አልኳትና አፌን ከፈትኩ።