ለሴት ልጅ ስንት እልልታ

ልጄ ሆዷ ገፋ ካለ በኋላ ደውላ «እማዬ፣ ቅዳሜ ለቡ እኛ ቤት ነይ፤ ሮዝ ወይ ሰማያዊ ልበሺ» አለችኝ። ሮዝ ሴት ናት ብሎ ለሚገምት፣ ሰማያዊ ወንድ ነው ለሚል መሆኑ ነው። ጀንደር ሪቪል ይባላል አለች። አሜሪካኖች ፊኛ እያፈነዱ ሲላቀሱ በስልኳ ስታይ ከርማ፣ ይኸው የእኔን የልጅ ልጅ ልታፈነዳልኝ ነው። ግራጫ ቀሚሴን ለብሼ ሄድኩ።

ይሄ ምኑ ያናድዳል የሚለኝ አይጠፋም። እኔ በምኖርበት መካኒሳ አቦ ልጅ ሲወለድ ወሬው የሚወጣው በእልልታ ነው። ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት። ጎረቤት ሥራውን ትቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ ይቆጥራል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ አራተኛው ይምጣ አይምጣ ብሎ ትንፋሹን ይይዛል። ከዚያ በሩ ሁሉ ይከፈታል። እልልታውን የማቀልጠው ደግሞ እኔ ነኝ። ለሰው ልጅ ሁሉ ስጮህ ኖሬ፣ ለመጀመሪያ የልጅ ልጄ ተራዬ መጣ ብዬ ስጠብቅ ነበር። እሱን ነው ልጄ ለፊኛ የሰጠችብኝ።

ሳሎኑ በፊኛ ተሞልቶ መቀመጫ እንኳ የለም። ኬኩ ግማሹ ሮዝ፣ ግማሹ ሰማያዊ። አማቼ ትልቁን ጥቁር ፊኛ በመርፌ ሲወጋው ሮዝ ብጥስጣሽ ወረቀት ቤቱን ሞላው። ወጣቶቹ ስልካቸውን ደግነው ጮኹ። እኔም ሳላስበው አፌ ተከፈተ፤ ሦስት ጊዜ እልል አልኩና አቆምኩ። እነሱ ገና እየጮኹ ነበር።

ልጄ ግን ሰምታኛለች። ወጥ ቤት ድረስ ተከትላኝ መጣች።

«ሦስት ብቻ?»

«ለሴት ሦስት ነው። እኔ አላወጣሁት።»

«ወንድ ቢሆን ሰባት ልትይ ነበር። ፊኛው ውስጥ ያለው ወረቀት እኮ ለሁለቱም እኩል ነው እማዬ።»

እውነቷን ነው። ያበገነኝም እሱ ነው። እኔ በሦስት እልልታ የተወለድኩ ሴት ነኝ፤ እሷንም የተቀበልናት በሦስት ነው። በገዛ አፋችን ልናስተካክለው የምንችለውን ነገር ፊኛ መጥቶ ይምከረን? ታክሲ ውስጥ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ወደ መስኮቱ ሸሸት አለች።

ላፍቶ ስደርስ ግን ወስኜ ነበር። ስትወለድ ሰባት እላለሁ። ያለ ፊኛ፣ ያለ ኬክ፣ በራሳችን እልልታ። ጎረቤቶቼ «ወንድ ነው እንዴ?» እያሉ ሲወጡ «ሴት ናት፤ ምን ይጠበስ?» ልላቸው። እስክትወለድ ድረስ ይቺን መልስ ዕቃ ሳጥብም ልብስ ሳሰጣም ስለማመዳት ከረምኩ።

አንድ ቀን ጠዋት አማቼ ከሆስፒታል ደውሎ «በሰላም ተገላገለች» አለኝ። ነጠላዬን በቅጡ ሳልለብስ በር ላይ ወጣሁ። ሦስቱን ካልኩ በኋላ ድምፄ ሻከረ፤ ግን አላቆምኩም፤ ሰባቱንም አቀለጥኩት። ከዚያ ቆሜ ጠበቅኩ። አንድም በር አልተከፈተም። 

ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ ቤት ሄጄ አንኳኳሁ። በዚህ ሰፈር የስንቱን ልጅ እልልታ አብረን ቆጥረናል።

«እንኳን ማርያም ማረቻት!» ብላ አቀፈችኝ። «ወጡን ላውርድና ልመጣልሽ ነበር። ያንን የፊኛውን ቪዲዮ ልጆቹ አሳይተውኝ፣ ሮዙ እንዴት ያምራል!»

«እልልታዬን አልሰማሽም?»

«ሰማሁ እንጂ! ተገላገለች ማለት ነው አልኩ።»

«ስንት ጊዜ አልኩ?»

ግራ ገብቷት አየችኝ።

«ኧረ እኔ ምን ብዬ እቆጥራለሁ? ሴት መሆኗን እያወቅኩ።»